የቀለም ትምህርት በሙያ ሥልጠና ውስጥ ያለው ቦታ፦ ለአንድ አሠልጣኝ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ክፍል አሠልጣኝ ነኝ። በክፍላችን ሁለት ወገን ሆነን እንከራከራለን። አንዱ ወገን ሠልጣኞቻችን 12 ዓመት የቀለም ትምህርት ተምረው ስለመጡ ከእንግዲህ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ቋንቋ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው፣ ያለን ሰዓት በሙሉ ለተግባር ይዋል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ብዙዎቹ ክፍልፋይና መቶኛ እንኳ አስተካክለው ስለማያሰሉ ወደ ወርክሾፕ ከመግባታቸው በፊት የማካካሻ ትምህርት ይሰጣቸው ይላል። የትኛውን ይመክራሉ?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ችግር እውነተኛ ነው፤ የሚያቀርቡትን መፍትሔ ግን እንዳለ አልቀበለውም። በእኔ እምነት የቀለም ትምህርት በሙያው ሥራ ውስጥ፣ ሥራው ራሱ በሚጠይቀው ሰዓት መሰጠት አለበት። ይህን ስል ግን «በሥልጠናው ውስጥ ተካቷል» ተብሎ ይተው ማለቴ አይደለም፤ የተመደበ ሰዓት፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው እና ራሱን የቻለ ምዘና ያስፈልገዋል። ባለቤት ያልተሰየመለት የቀለም ትምህርት በወረቀት ላይ ይቀመጥና ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳይሰርዘው ከክፍል ይጠፋል።

ከእርስዎ ሙያ ልነሳ። እንጀራ ጋግሮ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ከቆጣሪው 50 ሜትር በሚርቅ ቤት ውስጥ 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲገጠምለት ጠየቀ እንበል። ምጣዱ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሠልጣኙ የኬብል ሠንጠረዡን ተመልክቶ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይህን ያህል እንደሚሸከም ያያል፤ ሽቦውን ይዘረጋል፣ ብሬከሩን ይገጥማል፣ ይፈትሻል፣ ሥራውን ያስረክባል። ሽቦው አይግልም፣ ብሬከሩም አይወድቅም። ምጣዱ ግን እንደሚጠበቀው አይሞቅም፤ አንዱ እንጀራ ወጥቶ ሌላው እስኪሰፋ ድረስ ብዙ ያስጠብቃል፣ ዓይኑም እንደሚፈለገው አይወጣም። ደንበኛው ጥፋቱ የምጣዱ ነው ብሎ ወደ ሻጩ ይመልሰዋል፤ ሠልጣኙም እንዲሁ ያምናል።

ይህን ችግር የሚያሳየው ሒሳብ አጭር ነው። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በአንድ ሜትር ርዝመትና በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት 0.0175 ኦም ነው፤ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 100 ሜትር ስለሚሆን የሽቦው ሬዚስታንስ 0.7 ኦም ይመጣል። ይህ በ16 አምፔር ሲባዛ 11 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ እንደሚቀር ያሳያል፤ ይኸውም ከ220 ቮልት 5 በመቶ ነው። በዚህ ላይ ሙቀቱ የሚወሰነው በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሆነ የ5 በመቶ የቮልቴጅ ጉድለት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ የሙቀት ጉድለት ያስከትላል። ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው 7 ቮልት ብቻ ይሆን ነበር። ምሽት ላይ የመስመሩ ቮልቴጅ ራሱ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ይሰማል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያሉት ንጽጽር፣ መቶኛ፣ የመለኪያ አሃድ እና ስኩዌር ናቸው። ሁሉም ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ትምህርት ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ስለዚህ ሠልጣኙ አንድ ጊዜ ተምሯቸዋል። የጎደለው የ50 ሜትሩን ርቀት ሲያይ «እዚህ ላይ መሰላት ያለበት ነገር አለ» ብሎ መንቃቱ ነው። የማካካሻ ትምህርት በተለምዶ ይህን ንቃት የማይሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ወጣቱ ለዓመታት ያልገባውን ነገር ባልገባው መልክ፣ በዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለሁለት ወር ይደግምለታል፤ ወርክሾፕ ሲገባም የተማረው በደብተሩ ላይ፣ ሽቦው በእጁ ላይ ተለያይተው ይቀራሉ። ከዚህም በላይ እጁን ለሥራ ዘርግቶ የመጣ ወጣት በሩ ላይ የሚያገኘው ዳግመኛ የወደቀበት ፈተና ከሆነ ተስፋ የሚቆርጥበት ዕድል ሰፊ ነው።

ሰዓቱ በሙሉ ለተግባር ይዋል የሚሉት ባልደረቦችዎም የረሱት ነገር አለ። ተግባር የሚያስተምረው የታየውን ሁኔታ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ የምንዘረጋው ሽቦ ሦስት ወይም አራት ሜትር ስለሆነ የቮልቴጅ መውረድ በዚያ ፈጽሞ አይታይም፤ ሠልጣኙ መቶ ጊዜ ቢደጋግመውም አያገኘውም። ያልታየውን ሁኔታ አስቀድሞ ለማየት የሚያስችለው ስሌቱ ብቻ ነው።

ይህ ክርክር በአገራችን ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ከሥርዓቱ ቅርጽ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም. ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ሙያና ቀለም በአንድ ግቢ ምን ያህል ይቀላቀሉ የሚለው ጥያቄ አልተቋረጠም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መለያያውን 10ኛ ክፍል ላይ አደረገው፤ በውጤቱ ወደ መሰናዶ የሚሄደውና ወደ ሙያ የሚሄደው እዚያ ተለዩ፣ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የሚባሉትም መርሐ ግብሮች መጡ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ደግሞ ዓይኑን ከቆይታ ጊዜ ወደ ውጤት አዞረ፤ የሙያ ደረጃዎች ተዘጋጁ፣ ሠልጣኙ በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ምዘና ማዕከል) እንዲመዘን፣ ከፊል ሥልጠናውንም በትብብር ሥልጠና በድርጅት ውስጥ እንዲያገኝ ተደረገ።

ይህ ለውጥ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው፤ ሠልጣኙ በተቀመጠበት ዓመት ብዛት ሳይሆን መሥራት በሚችለው ነገር መለካት ጀመረ። የቀለም ትምህርቱ ግን በዚያ ሽግግር ላይ ስሙን አጣ። ሒሳቡና ፊዚክሱ በእያንዳንዱ የብቃት አሃድ ውስጥ «አስፈላጊ ዕውቀት» በሚለው ርዕስ ሥር በጥቂት ነጥቦች ተጠቃልለው ገቡ። የሥራ ቦታ ተግባቦት ደግሞ እንደ አንድ አሃድ ቢቀመጥም በብዙ ኮሌጆች ሰዓት የጎደለው አሠልጣኝ የሰዓት ማሟያ ሆኖ ሲሰጥ አይቻለሁ። አሠልጣኙን መውቀስ አልፈልግም፤ በምዘናው ቀን የሚጠየቀው ሽቦው በትክክል መገጠሙ ከሆነ ሰዓቱን ለዚያ ማዋሉ የሚጠበቅ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀር ደግሞ የሚመጣው ሠልጣኝ ዕድሜውም የትምህርት ዓመቱም ጨመረ። «12 ዓመት ተምረው መጥተዋል» የሚለው መከራከሪያ ጉልበት ያገኘው በዚህ ነው። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የተዘጋጀው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስለሆነ የሙያ ሠልጣኞችን አቅም በቀጥታ ይለካል አልልም፤ ሆኖም 12 ዓመት በክፍል መቀመጥ መሠረቱ ተጥሏል ለማለት ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ ያሳያል።

በሌሎች አገሮች የተሞከረውን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 የስሚዝ ሂዩዝ ሕግን ስታወጣ የሙያ ትምህርትን በተለየ በጀት ደገፈች፤ ከሕጉ አፈጻጸም የመነጨውም ልማድ የሠልጣኙን ጊዜ ግማሹን ለወርክሾፕ፣ ሩቡን ከሙያው ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች፣ ቀሪውን ሩብ ለቀለም ትምህርት የሚከፍል ነበር። ፈላስፋው ጆን ዱዊ ሙያን ከቀለም የሚነጥለውን አካሄድ በብርቱ ተቃውሞ ነበር፤ ሠራተኛውን ላለው የፋብሪካ ሥርዓት ብቻ ማመቻቸት ትምህርት አይባልም የሚል አቋም ነበረው። ሰዓት በመከፋፈል ብቻ ጉዳዩ አልተፈታም፤ የተከፋፈሉት ትምህርቶች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ለአሥርት ዓመታት ጎን ለጎን ሄዱ።

ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተካሄደ የሙከራ ጥናት ነው። በአውቶሞቲቭ፣ በእርሻ፣ በንግድ፣ በጤናና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ የሙያ መምህራን እያንዳንዳቸው ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ተጣመሩ። ሁለቱ አብረው ተቀምጠው በሙያው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የተደበቀውን ሒሳብ ፈልገው አወጡ፤ ማስተማሩን ግን በክፍሉ ውስጥ ያከናወነው የሙያው መምህር ራሱ ነበር። ትምህርቱ ከሙያው ሥራ ይነሳል፤ ተማሪው ምን ያህል እንደሚያውቅ ይፈተሻል፤ ሒሳቡ በዚያው ሥራ ላይ ይሠራል፤ ከዚያም ተመሳሳይ በሆኑ ሌሎች ሥራዎች ላይ፣ ቀጥሎም ያለ ሥራው በመደበኛው የሒሳብ መልክ ይቀርባል፤ መጨረሻ ላይ ተማሪው በራሱ አሳይቶ ይመዘናል። የወሰደው ጊዜ ከክፍሉ ሰዓት 10 በመቶ ገደማ ነበር። ከዓመቱ በኋላ እነዚህ ተማሪዎች በመደበኛ የሒሳብ ፈተናዎች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አመጡ፤ በሙያ ዕውቀታቸው ላይ ደግሞ ጉድለት አልታየም። በባልደረቦችዎ መካከል ያለውን ክርክር የሚቋጨው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይመስለኛል፤ በአግባቡ የተሰጠ ሒሳብ ከተግባሩ ላይ የሚቀማው ነገር የለም።

ከቅደም ተከተሉ ውስጥ እኛ ዘንድ የሚዘለለው አንዱ እርምጃ ላይ ላተኩር፤ እርሱም ሒሳቡ ከሥራው ተላቆ በንጹሕ መልኩ የሚቀርብበት ነው። «በተግባር ማስተማር» ሲባል ብዙ ጊዜ እዚህ ሳንደርስ እናቆማለን። ሠልጣኙ የምጣዱን ምሳሌ ይይዝና ለውኃ ፓምፕ ሲሆን ይጠፋበታል፤ ምክንያቱም የያዘው ስለ ምጣድ የተነገረውን እንጂ ርዝመት፣ ውፍረትና ሬዚስታንስ እንዴት እንደሚያያዙ የሚያሳየውን ሕግ አይደለም። ስለዚህ ቀመሩ በሰሌዳው ላይ ለብቻው ተጽፎ፣ ፊደላቱ ተቀያይረው፣ ርዝመቱ ተሰጥቶ ውፍረቱ፣ ውፍረቱ ተሰጥቶ ርዝመቱ የሚፈለግበት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ ሰዓት ከወርክሾፕ የተሰረቀ አይደለም።

ስለ ቋንቋ የሚነገረው ከሒሳቡ ያነሰ ቢሆንም በእኔ ግምት ጉዳቱ የበለጠ ነው። አንድ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሰሌዳው ላይ 220/380 እና ከጎኑ የዴልታና የስታር ምልክት ተጽፎበታል፤ እነዚህ የሞተሩ ሦስት ጥቅሎች እርስ በርስ የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። የእኛ መስመር በፌዞች መካከል 380 ቮልት ስለሆነ ይህ ሞተር የሚታሰረው በስታር ነው። ሌላው ሞተር 380/660 የሚል ከሆነ በዚያው መስመር ላይ የሚታሰረው በዴልታ ነው። ሰሌዳውን ከማንበብ ይልቅ «ይህን የሚያህል ሞተር በዴልታ ይታሰራል» የሚል ልማድ የያዘ ሠልጣኝ የመጀመሪያውን ሞተር በዴልታ ቢያስረው እያንዳንዱ ጥቅል ለ220 ተሠርቶ 380 ቮልት ይደርስበታል፤ ሞተሩም ይቃጠላል። ሠልጣኙ ማሰር አላቃተውም፤ የጎደለው አንብቦ መረዳት ነው።

መጻፍም እንዲሁ ነው። «ሞተሩ አይሠራም» ብሎ ሪፖርት የሚያደርግ እና «ሞተሩ ሲነሳ ይጮኻል እንጂ አይዞርም፤ የሦስተኛው ፌዝ ፊውዝ ተቃጥሏል፤ በሁለቱ ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ» ብሎ የሚጽፍ ሁለት ሠልጣኞች በእጅ ሥራ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ግን የሚቀጥለውን ባለሙያ የግማሽ ቀን ፍለጋ አድኖታል፤ ራሱም በትክክል እንዳሰበ ማስረጃ ሰጥቷል። የሥልጠና መጻሕፍታችንና ቲቲኤልኤም የምንላቸው የማሠልጠኛና የመማሪያ ጽሑፎቻችን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆኑ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በክልሉ ቋንቋ ይሰጣል፤ ሠልጣኙ በመካከል ቆሞ እንግሊዝኛውን ይገለብጣል፣ ማብራሪያውን ይሰማል፣ አንዱንም በራሱ ቃል አይጽፍም። እኔ የምመክረው ሐሳቡን በሚያስብበት ቋንቋ እንዲጽፍ፣ በሰሌዳና በማኑዋል ላይ የሚያገኛቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ደግሞ እንዳሉ እንዲያነብና እንዲያውቅ ነው። የሰዋስው ኮርስ ለብቻው መስጠት ለዚህ ብዙም አይረዳም።

የዜግነትና የኅብረተሰብ ትምህርትን በአጭሩ ልንካው። በጀርመን አገር በድርጅት ውስጥ የሚሠለጥን ወጣት በሳምንት ቢያንስ 12 ሰዓት በሙያ ትምህርት ቤት የሚማር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ እንደ ጀርመንኛና የኅብረተሰብ ጉዳዮች ላሉ አጠቃላይ ትምህርቶች ይውላል፤ የኢኮኖሚና የኅብረተሰብ ጉዳዮች በመጨረሻው የሙያ ፈተና ውስጥም አሉ። ስዊዘርላንድ ደግሞ ቋንቋንና ኅብረተሰብን በአንድ ላይ አጣምራ በዓመት 120 ክፍለ ጊዜ ትሰጣለች። እኛ የትብብር ሥልጠናውን አሠራር ከዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ስንቀስም የትምህርት ቤቱን ቀን ክፍል በዚያው ክብደት አላመጣነውም፤ ይህም ያሳዝነኛል። ሠልጣኞቻችን ነገ ውል ይፈርማሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት መሆኑን አውቆ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን በራሱ ማስላት የሚችል ሠልጣኝ ሒሳብን፣ ንባብንና መብትን በአንድ ልምምድ ይማራል።

ለክፍልዎ የምመክረው ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለሠልጣኞቹ የአንድ ሰዓት መፈተሻ ይስጡ፤ ጥያቄዎቹ ግን ከሥራ የወጡ ይሁኑ፤ የሞተር ሰሌዳ አንብቦ መመለስ፣ የአንድ ክፍል የገመድ ርዝመት ከፕላን ላይ መለካት፣ ለደንበኛ የአምስት መስመር የዋጋ ማቅረቢያ መጻፍ የመሳሰሉት። ውጤቱ ማንንም ወደ ኋላ ለማስቀረት አይዋል፤ የትኛው ርዕስ ብዙ ሰዓት እንደሚፈልግ ግን ይነግርዎታል። ቀጥሎ ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ይጣመሩ፤ በኮሌጁ ከሌለ በአቅራቢያው ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈቃደኛ ሰው ማግኘት ይቻላል። ሁለታችሁ የደረጃ 2ን ሞጁሎች አንድ በአንድ ስትገልጡ ሒሳቡ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ታገኛላችሁ፤ ብዙ እንደማይሆንም ታያላችሁ። ለደረጃ 2 ከንጽጽር፣ ከመቶኛ፣ ከቀመር ማገላበጥና ከአሃድ ቅየራ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። ለደረጃ 4 እና 5 ግን ሁኔታው ይለያል፤ የኃይል ፋክተርን ማስተካከል ያለ ትሪጎኖሜትሪ በቃል የሚያዝ ሠንጠረዥ ብቻ ይሆናል፤ እዚያ ራሱን የቻለ የሒሳብ ኮርስ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

በውስጥ ምዘናችሁ ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በወርክሾፕ ያልታየ ሁኔታ ይሁን፤ ርዝመቱ፣ ጭነቱ ወይም የሽቦው ዓይነት ይቀየር፤ ሠልጣኙም ለምን ያንን እንደመረጠ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሠልጣኞች ወደ ድርጅት ሲወጡ የሚይዙት የሥራ መዝገብም በየቀኑ አንድ አንቀጽ የሚጠይቅ ቢሆንና አሠልጣኙ በየሳምንቱ ቢያነበው የጽሑፍ ትምህርቱ ያለ ተጨማሪ ኮርስ ይሰጣል። የማይነበብ መዝገብ ግን ባይጻፍ ይሻላል፤ ሠልጣኙ ጽሑፉ ትርጉም እንደሌለው ይማርበታል።

ባልደረቦችዎ የድርጅት ባለቤቶች የሚፈልጉት እጅ እንጂ ሒሳብ አይደለም የሚል መልስ ሊሰጡዎት ይችላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ልክ ናቸው፤ ባለቤቱ ዛሬ የሚፈልገው ሽቦ የሚስብለትን ሰው ነው። ነገር ግን ያው ባለቤት የሶላር ፓኔልና ባትሪ ሥራ ሲመጣለት በቀን ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚያስፈልግ አስልቶ የሚነግረውን ሰው ይፈልጋል፤ ሠልጣኙም ይህንን ሥራ በኮሌጁ በነበረበት ጊዜ ያልተማረው ሊሆን ይችላል። ሥራው የሚጠይቀው ነገር በየዓመቱ ሲለዋወጥ አሠልጣኙ ሁሉንም መሣሪያ ወርክሾፕ ውስጥ አምጥቶ ማሳየት አይችልም።

ሰዓት የሚመድበው ዲኑ ካልተስማማ በመላው ክፍል ሳይሆን በአንድ አሃድ ይጀምሩ። የኬብል መረጣው ለዚህ ይመቻል፤ 50 ሜትር ገመድ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው በጫፉ ላይ ጭነት ያስሩ፣ በመነሻውና በመድረሻው ላይ ያለውን ቮልቴጅ ሠልጣኞቹ ራሳቸው ይለኩ፤ ልዩነቱን ከለኩ በኋላ ስሌቱን ያሠሯቸው። ጥቅሉን ሳይዘረጉ ጭነት እንዳያስሩ ግን ይጠንቀቁ፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል። የዚያን አሃድ የምዘና ውጤት በቀድሞው መንገድ ከሠለጠነው ቡድን ውጤት ጋር አስተያይተው ለዲኑ ያቅርቡ።